የገዢው ገንዳ

ግሪን ካርዴ ደርሶ ላስ ቬጋስ በገባሁ ሰሞን የገንዳው ሠራተኛ ተሰናበተ። ለእኔ በግልጽ የነገረኝ የለም። ልጄ ረጅም እጀታ ያለው መረብ አምጥታ «አባዬ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ እንቅስቃሴ ይሆንሃል» አለችኝ። አማቼም ከኋላዋ ቆሞ «ለጉልበትዎም ጥሩ ነው አባባ» ሲል አጀባት። በወር ከመቶ ዶላር በላይ ይከፈለው የነበረ ሰው በጡረተኛ መተካቱ የገባኝ፣ ሰውዬው በሳምንቱ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ጎንደር ላይ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ መደመርና መቀነስ አይጠፋኝም። ግን የሰው አገር ነው፤ መረቡን ተቀበልኩ።

ስለዚህ ስለ መዋኛ ገንዳ ማንም አይንገረኝ። እኔ ልንገራችሁ።

ገንዳው ከጓሮ ነው። ጓሮው ራሱ ገንዳ ነው ብል ይቀላል፤ ለሰው መቆሚያ የተረፈው ዙሪያውን ያለው ጠባብ ሲሚንቶ ነው። ቅርጹ ኩላሊት ነው። ለምን ኩላሊት ሆነ ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ ትከሻውን ሰብቆ አልፏል። አንደኛው ጠርዝ ላይ አራት ብሎኖች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የቀድሞው ባለቤት የመዝለያ ጣውላ ነበረው አሉ። ኢንሹራንሱ «ወይ ጣውላው ወይ እኛ» ቢለው ጣውላውን አስነሥቶ፣ ብሎኖቹን ለእኔ አውራ ጣት ትቶ ሄደ። መልኩን ሳላውቀው የምረግመው ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ማን ይዋኝበታል አትሉም? ልጄ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። አማቼ ታክሲ ሲነዳ አድሮ ሲነጋ ይገባል። ትልቁ የልጅ ልጄ ከስልኩ ቀና ካለ ቤቱ ውስጥ በዓል ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ከመሞቁ የተነሣ ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት ይጠጣል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ይበርዳል፤ ማሞቂያ አለው፣ ነገር ግን ጋዝ ይበላል ተብሎ አይበራም። በመሀል ያሉት ደህና ወራት ሲመጡ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

«ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?» ስላቸው ባልና ሚስት በአንድ ድምፅ «ስንሸጠው ዋጋ ያወጣል!» ይሉኛል። በሌላ ነገር እንዲህ ሲስማሙ አይቻቸው አላውቅም።

ለካ ቤቱ የእኛ አይደለም። ገዢ የሚባል ሰውዬ አለ፤ የእሱ ነው። እኛ ሞርጌጁን እየከፈልን እናደርስለታለን። ገዢው ደማቅ ቀለም አይወድም ተብሎ ግድግዳው ሁሉ አመድ ተቀብቷል። ገዢው ሽታ አይወድም ተብሎ ቡና የሚቆላው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሩን ከፍተን፣ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ እንዳይጣራ እየሰጋን። ሚስማር ልመታ መዶሻ ባነሣ «አባዬ፣ ግድግዳውን! ገዢው ሲያየው!» ይባላል። የእመቤታችንን ሥዕል ፍሪጅ ላይ አስደግፌያታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ጌሾ ልትከል ብል ሥሩ ቧንቧ ይሰብራል፣ ገዢው ያስመረምራል ተባልኩ። ስለ ሰውዬው ጠባይ የምናውቀውን ያህል ስለ አማቼ ዘመዶች አናውቅም።

እስቲ ሒሳቡን ላስቀምጠው። እዚህ አገር ደህና የሲሚንቶ ገንዳ ማስቆፈር ከ50 ሺህ ዶላር ወዲህ አይታሰብም፤ ከ100 ሺህ ያለፈም ሞልቷል። ቤቱ ሲሸጥ ለባንኩ ዋጋ የሚተምነው ገማች ግን ስንት አወጣችሁ ብሎ አይጠይቅም። ደረሰኝ ብታሳዩት ፈገግ ብሎ ይመልስላችኋል። እሱ የሚያየው በሰፈሩ በቅርቡ የተሸጡ መሰል ቤቶችን ነው። ገንዳ ያላቸው ስንት አወጡ፣ የሌላቸው ስንት አወጡ ብሎ ልዩነቱን ለእናንተ ይጨምርላችኋል። ያ ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስቆፈሪያውን አይመልስም። ስለዚህ ብልህ ሰው ራሱ አያስቆፍርም፤ ሌላው ያስቆፈረውን ይገዛል። ልጄ ይህንን ስነግራት «አየህ! እኛም የገዛነው ተቆፍሮ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ግን የተቆፈረው ቁጭ ብሎ ይበላል፤ እሱን አልቆጠረችውም። ከመሬት በላይ የሚቆመው የፕላስቲክ ገንዳ እንኳ ይሻላል፤ ከቤቱ ዋጋ አይገባም፣ እንደ አልጋና እንደ ሶፋ ነቅለህ ይዘህ ሂድ ነው የሚባል።

በእርግጥ ቬጋስ ላይ ገንዳ ዋጋ የለውም ብዬ አልዋሽም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ይህች ከተማ 48.9 ዲግሪ ገብታ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ሙቀት አየች። እኔ ያን ዕለት ከመኝታ ቤት አልወጣሁም። እንዲህ ባለ አገር ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ሰማያዊ ውሃ ሲያይ ልቡ ይደክማል፤ ስለ ጣሪያው ዕድሜ መጠየቁንም ይረሳል። በሰፈሩ ሁሉም ገንዳ ካለው ደግሞ የሌለው ቤት «ምን ጎደለው?» ይባላል። ሚኒሶታ ያለው የወንድሜ ልጅ ግን ገንዳ ያለው ቤት ገዝቶ ዓመቱን ከግማሽ በላይ በሸራ ሸፍኖት ይኖራል። ሸራው ላይ በረዶ ይከመራል። በዚያ አገር ገዢው ገንዳ ሲያይ «ለማስደፈኛው ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» ቢል አይገርምም። ሲሚንቶው አንድ፣ ጉድጓዱ አንድ፤ አንዱ ጋ ሀብት፣ አንዱ ጋ ዕዳ።

ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ መንግሥታቸው ነው። የፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ስለ ሕክምና ወጪ የሚያወጣው ኅትመት 502 የሚባል መጽሔት አለ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አነበብኩት። ሐኪም ለሕክምና ብሎ ያዘዘው ነገር ቤት ላይ ቢሠራ፣ ወጪው እንደ ሕክምና ወጪ ሊያዝ ይችላል ይላል። ግን የቤቱን ዋጋ የጨመረውን ያህል ቀንሱ፤ የሚያዘው የተረፈው ብቻ ነው። ለምሳሌ ለገንዳው 60 ሺህ አውጥተህ የቤቱ ዋጋ በ25 ሺህ ከፍ ካለ 35 ሺሁ የሕክምና ነው። እስቲ አስቡት፦ ገንዳ ያወጡበትን የሚመልስ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ቅነሳ ምን ቦታ ይኖረው ነበር? መንግሥት በራሱ ወረቀት የሚቀር ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል አምኗል። ዶክተሬ ጉልበቴን አይቶ «ውሃ ውስጥ መራመድ ይጠቅምሃል» ብሎኝ ስለነበር መጽሔቱን ይዤ ወደ አማቼ ሮጥኩ። «አባባ፣ እኛኮ አላሠራነውም፤ ለመዝናኛ የተሠራም አይቆጠርም፤ ደግሞ የሕክምና ወጪው ከገቢያችን 7.5 በመቶ ካላለፈ ምንም አይገኝበትም» አለኝ። ታክሲ ነጂ የግብር ሕግ እንዲህ የሚያውቅበት አገር ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመልሳችሁ። ውሃው ይመረመራል። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ቀድቼ ቀይ ጠብታ እጨምርና ከቀለሙ ጋር አስተያየዋለሁ። አሲድነቱን የሚለካው ቁጥር ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ አሲድ፣ ካነሰ ሶዳ። ክሎሪን ካነሰ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከበዛ ዓይን ያቃጥላል። ይህ ገንዳ ያየውን ላቦራቶሪ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ደግሞ ቀጠሮ አያስፈልገውም። ክብ ክብ የክሎሪን እንክብል ሲሟሟ ክሎሪኑን ፀሐይ እንዳትበላው የሚጠብቅ ሌላ ንጥረ ነገር ይለቃል። ጠባቂው ግን አይሄድም፤ እየተጠራቀመ ይመጣና ክሎሪኑን ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ በየጥቂት ዓመቱ ከ50 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይደፋል። ጥበቃ ሲበዛ ተጠባቂው እንደሚሰንፍ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም አይቻለሁና አልገረመኝም።

ከዚያ ደግሞ ነጩ መስመር አለ። የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ድንጋይ አዝሎ ነው የሚመጣው። ውሃው ሲተን ድንጋዩ ሸክላው ላይ ይቀራል፤ በዙሪያው በሙሉ፣ ልክ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ጣት የሚያህል ነጭ ቅርፊት። በጥፍር አይለቅም፣ በብሩሽ አይለቅም። የሚለቀው በዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው፣ ቀሎ በሚንሳፈፈው፣ እናቴ ተረከዟን በምትፈገፍግበት ድንጋይ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረው፣ በዚያ ድንጋይ የምትፈገፍገው ሁለት ተረከዝ ብቻ ነበራት። እኔ ሆዴ ላይ ተኝቼ ክንዴን ወደ ውሃው ሰድጄ አንድ ሸክላ፣ ቀጥሎ አንድ ሸክላ እፈገፍጋለሁ። ዙሩን ስጨርስ የጀመርኩበት ነጥቷል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ያሉት አባቶቻችን ሲወቅጡት ነው፤ ሲፈገፍጉት አላዩም።

ውሃውስ ከየት ነው? ከሚድ ሐይቅ ነው፤ ሁቨር ግድብ ወንዙን አግዶ ካስተኛው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሐይቁ ከሞላ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ያህል ወረደ። ከተማችን ያለችበት ክላርክ ካውንቲም በዚያው ዓመት አዲስ የሚቆፈር የቤት ገንዳ ስፋቱ ከ600 ስኩዌር ፊት፣ በእኛ 56 ካሬ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። እኔ እልል አልኩ፤ ይኸው መንግሥት ነቃ ብዬ። ልጄ ግን ሜትር ይዛ ጓሮ ወጣች። «አባዬ! የእኛ ከ600 ይበልጣል! አዲስ እንዲህ ያለ ስለማይፈቀድ የእኛ ብርቅ ሊሆን ነው!» ሐይቁ ሲጎድል የእኛ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ አላስተማርኳትም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ከተማ ከሽንት ቤትና ከማጠቢያ የሚወርደው ውሃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በእውነት ይህን አከብራለሁ። ከገንዳ የተነነው ግን ሰማይ ገባ፤ ተመልሶም እኛ ላይ አይዘንብም፤ የዚህ አገር የዓመት ዝናብ ተጠራቅሞ ጎንደር ሐምሌ ላይ በሁለት ሳምንት የምታወርደውን አያህልም። ስለዚህ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ በለቀቅሁ ቁጥር አገር እጠቅማለሁ፤ ገንዳውን በሞላሁ ቁጥር አገር እበድላለሁ። ይህን ለአማቼ ነግሬው ሲስቅ አመሸ፤ መሙላቱ ግን አልቀረልኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልቀልድም። በዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከየትኛውም ነገር በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ እዚያ ዕድሜ ላይ ናት። በሩ ራሱን የሚዘጋ አጥር ተሠርቷል፤ መቆለፊያውም ከእጇ በላይ ነው። እኔ ግን አጥር አላምንም። እሷ ጓሮ ስትወጣ ወንበሬን በሩ ፊት አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ስልክ ቢጮህ አልነሣም። ሕፃን ያላቸው አንዳንድ ገዢዎች ገንዳ ካለበት ቤት ገና ከደጅ የሚመለሱት ወደው አይደለም። ገማቹ ይህን በየትኛው ዓምድ ያስገባዋል?

ገንዳ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ያደግሁት ከፋሲል ገንዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1636 ጀምሮ ጎንደርን መዲና ያደረጉ ንጉሥ ናቸው፤ ገንዳውም በስማቸው ይጠራል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ የዋርካው ሥር ግንቡን አቅፎት ተኝቷል። ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይለቀቅለታል። ጥር 11 ቀን ማለዳ ካህናቱ ይባርኩታል፤ ከዚያ ጎረምሳው ከግንቡ ላይ እየተወረወረ ይገባል፤ የሚዋኘውም የማይዋኘውም። ፓምፕ የለ፣ እንክብል የለ። ያንን ግንብ «ስንሸጠው» ያለ ሰው አልሰማሁም። የእኛ ኩላሊት ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ማንም አይገባበትም፤ የፋሲል በዓመት አንድ ሰሞን ሞልቶ አገር ይገባበታል። ወጪውን ለዋኙ ሰው ብዛት አካፍሉልኝ። በእኛ በኩል አካፋዩ ዜሮ ነው፤ ለዜሮ ማካፈል ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ክልክል ነው።

አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የሚያለቅሰው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ቪላ ከነገንዳው አለው። ሊሸጥ ቢያስብ ደላላው መጣ፤ ገንዳውን ዘወር ብሎም አላየው። «ካሬው ስንት ነው? ካርታው ንጹሕ ነው? ሲኖትራክ ያስገባል?» ብቻ። ገዢ ተብሎ የመጣው ሰውም ቪላውን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። ገንዳውን ሲያይ ደስ አለው አሉ፤ «የምድር ቤቱ ቁፋሮ ተጀምሮልኛል!» ብሎ። ለተቆፈረው ግን ሳንቲም አልጨመረም። ጎረቤቱ ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያን የሚያህል ማጠራቀሚያ ባዶ አስቀመጠ እያለ ያማዋል። ጓደኛዬ ስልክ ላይ «ጣሊያን ግንበኛ የሠራው ገንዳ እኮ ነው! ልጆቼ ዋና የለመዱበት!» እያለ ይነፈርቃል። ቢያንስ የእሱ ልጆች ዋኝተውበታል አልኩት። አልተጽናናም።

ታዲያ ባለፈው ጥር ልጄ ወደ ሰፊ ቤት ልዛወር ብላ ኤጀንት አመጣች። የእኛው ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ወደድኳት። እስከ ጓሮው ድረስ ማለቴ ነው።

«ብንደፍነውስ?» ብዬ ጀመርኩ። እሷም እንደ ተማሪ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አንደኛው መንገድ ወለሉን በስቶ፣ የግንቡን አናት ሰብሮ፣ ስብርባሪውን እዚያው ጥሎ አፈር መሙላት ነው። ይቀላል፣ ግን አፈሩ ሊሰጥም ስለሚችል በላዩ ቤት አይሠራበትም። ሁለተኛው ሲሚንቶውን ነቅሎ አውጥቶ በንጹሕ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት ነው፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። በሁለቱም ፈቃድ ይወጣል፣ በሁለቱም ለገዢው በጽሑፍ ይነገራል።

«ዝም ብንለውስ?»

«አባባ፣ ያስከስሰናል።»

ለካ ሞቶ ተቀብሮም ወረቀት ይከተለዋል። ቀጥላ ልባሱ አርጅቷል፣ ገዢው ሲያይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ስለዚህ ከፎቶው በፊት ይታደስ አለች። ሺዎች ናቸው። ፎቶው ደግሞ ሲመሽ ነው የሚነሣ፤ ሰማዩ ሐምራዊ ሲሆን፣ የገንዳው መብራት በርቶ፣ ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ። ሌላ የሠራችበትን ቤት በስልኳ አሳየችኝ። እንደ እኛው ያለ ጠባብ ጓሮ ጣና ሆኖ ቁጭ ብሏል። ልጄ አፏን ከፍታ አየችው። ይህን ቤት እኛም እንግዛው የምትል መሰለኝ።

ከዚያ ኤጀንቷ ቀና ስትል የእኔን ባልዲዎች አየች። ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ብሎኖቹን ከልዬ ደርድሬያቸዋለሁ። የአበሻ ጎመን ነው፤ በዚህ አገር ክረምቱን ይወደዋል። ከጫፍ ያለው ጤና አዳም ነው።

«አባባ፣ ለፎቶው ቀን እነዚህን ጋራዥ ያስገቡልኛል?»

«ጎመኑን?»

«ለፎቶው ብቻ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ይህ ኩላሊት በቤቱ ዋጋ ላይ ስንት ይጨምራል አልሽኝ?»

«እንደ ገዢው ነው፣ አባባ።»

«ጎመኑም እንደ ገዢው ነው። እዚያው ከገንዳው ቀጥለሽ ጻፊው፤ ሙሉ ጎመን፣ ውሃ ብቻ የሚፈልግ፣ ምርመራ የሌለበት። ጤና አዳሙን ግን እንዳትጽፊ፤ እሱ እንደ ሶፋው ነው፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል።»